የዳዊቱ ማንገቻ

አዳሙ የሚስቱን ጣት በአልኮል ጠርጎ መርፌውን ጠቅ ሲያደርግ መንበረ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከላቦራቶሪ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ኖራም ደም ማየት አልለመደችም። ጣቷን ጨመቅ አደረገው፤ ደሙ እንደ ሌላው ሰው ቶሎ አልመጣም። ደግሞ ጨመቀው። የመጣችውን በቀጭኗ ፒፔት መጥጦ አሲዱ ላይ ጨመራት፤ መልኳ ቡናማ እስኪሆን ጠብቆ ከመለኪያው ቀለም ጋር እስክትመሳሰል ድረስ ውሃ በጠብታ ይጨምርባት ጀመር። ብዙ ውሃ አልፈጀችም። ቱቦዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

"ስንት ሆነ?" አለች መንበረ ጥጡን ጣቷ ላይ ይዛ።

"ቆይ እስቲ።"

"አይተኸዋል እኮ። ፊትህን አላውቀውም እንዴ?"

"ሰባት ነው። በሰኔ ደምሽ አሥር ደርሶ ነበር።"

መንበረ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። በግንቦት ማኅፀኗን ኦፕራሲዮን ሆና ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ሐኪሙ የብረት ክኒን አዝዞ፣ ጉበት ብዪ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ጎንበስ ቀና አታብዢ ብሎ ወደ ቤቷ ሰደዳት። በአስተማሪነቷ መዝመት ሲኖርባት ከክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቀረችውም በዚሁ በሽታ ነው። በእሷ ፈንታ ልጇ የዓለምወርቅ ዘመተች።

"ወደ ኋላ እየሄድሽ ነው" አለ አዳሙ። "ስግደቱን ተዪ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ እንኳ ይኼን ያህል አላዘዙሽም።"

"አባ ያዘዙኝን አውቃለሁ። የጨመርሁት ራሴ ነኝ።"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድሽ ትቆያለሽ፤ ደግሞ ትሰግጃለሽ። በሰባት ደም!"

"ፍልሰታ ነው። ሕፃናቱም ይጾማሉ።" ጥጡን ከጣቷ አንሥታ አየችና ባልዲው ውስጥ ጣለችው። ነጠላዋን እየተከናነበች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ዳዊቱን የጣልሁት እኔ ነኝ አዳሙ። አንተ አይደለህም። የጣለ ይሰግዳል።"

እዚህ ላይ አዳሙ አንድ ነገር መናገር ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ቱቦዋን አንሥቶ ከቧንቧው ሥር ማጠብ ጀመረ። መንበረ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። በመስኮቱ ሲያያት የሆስፒታሉን ግቢ አቀበት ሁለት ጊዜ ቆም እያለች ወጣችው።

እጁን አድርቆ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። ጠፍሩ እዚያው ነው። ከሐምሌ ገብርኤል ጀምሮ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም፤ ወደ ቤት ሲሄድ ወደ ኮቱ ይዛወራል፣ ሲነጋ ወደ ጋዋኑ ይመለሳል።

ነገሩ የጀመረው ከደብተር ነው።

የዓለምወርቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የዘመቻ ምድቧ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሲወጣ፣ ያላትን ሳንቲም ሰብስባ ልባሱ ጠንካራ የሆነ ወፍራም ደብተር ገዛች። የምታየውን ሁሉ ልጽፍበት ነው አለች። ገና አንድ መስመር ሳትጽፍበት የፊደል ካርዱን፣ የጓደኞቿን ፎቶግራፍ፣ ከግቢው የቀጠፈችውን አበባ ስትሰገስግበት ደብተሩ ሆዱ ተነፋና አልዘጋ አለ።

"አባባ፣ ማሰሪያ ሥራልኝ" አለችው በመሄጃዋ ዋዜማ። "በበቅሎ ነው አሉ የምንሄደው፣ ይበተንብኛል። የጫማ ክርም ይበቃኛል።"

የጫማ ክር! የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ለልጁ ደብተር የጫማ ክር ሊያስር? አዳሙን የነካው እሱ ነው። አባቱ በጎንደር አድባራት የታወቁ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ፤ ብራና ይጠርዛሉ፣ የእንጨት ገበታውን በቆዳ ይለብጣሉ፣ የሚነገትበትን ማኅደር ይሰፋሉ። አዳሙ ልጅ ሳለ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ቆዳ ሲያሽ፣ ክር በሰም ሲያሻሽ ነው ያደገው። ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ እጁ ወስፌ ከያዘ ዘመን አለፈው። ያን ዕለት ግን እጁ አሳከከው። ገበያ ወርዶ የፍየል ቆዳ ቁራጭ ገዛና ተመለሰ። ቆዳው በወጉ ያልለፋ ኖሮ እንደ ቋንጣ የደረቀ ነው፤ ሲያጥፈው ይሰነጠቃል።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ የጫማውን ክር ይፈታ ነበር። አዳሙ ግን ወደ እማሆይ ክፍል ገባ።

እማሆይ ወለተሩፋኤል የአባቱ እኅት ናቸው፤ እናቱ ሞታ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሠርክ ጸሎት ሄደው ክፍሉ ባዶ ነበር። ከራስጌያቸው በላይ ባለው ችካል ላይ የአባቱ ዳዊት በማኅደሩ ሆኖ ተንጠልጥሏል። የማኅደሩን ማንገቻ አባቱ ከሚዳቋ ቆዳ በእጃቸው የቆረጡት ነው፤ ድርብ ጠፍር፣ ቀይ፣ በስንት ዘመን ትከሻ የለሰለሰ። አዳሙ ዳሰሰው። ድርብ ነው፣ አንዱ ቢነሣ ሌላው አለ ሲል ለራሱ ነገረው። መጽሐፉስ ከችካሉ የሚወርደው በዓመት ስንቴ ነው? እማሆይ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በቃላቸው ነው የሚደግሙት። በምላጭ አንዱን ጠፍር ከላይና ከታች ቆርጦ አወጣው። የቀረው ነጠላ ቋጠሮው ላልቶበት ስለነበር ፈትቶ እንደገና ቋጠረው። እዚያች ቋጠሮ ላይ ቸኩሎ ነበር።

የደብተሩን የኋላ ልባስ በወስፌ በስቶ ጠፍሩን አሾለከና ከውስጥ አሰረው፤ ጫፉን አጥፎ ቀለበት አደረገው። የተረፈውን ቆዳ አጥብቆ ጠቅልሎ ጫፉን በመሐሉ አሳልፎ ሲጎትተው፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል የቆዳ ቁልፍ ወጣችው፤ ልክ እንደ አባቱ ሥራ። እሷን ከፊት ልባሱ ላይ ሰፋት። ቀለበቱ ቁልፏ ላይ ሲገባ ደብተሩ ጸጥ ብሎ ተዘጋ።

"አባባ፣ እጅህ እንዲህ ሸጋ መሆኑን መቼ ነገርኸኝ?" አለች ልጁ።

"ቆዳው ከየት መጣ?" አለች መንበረ እያገላበጠችው።

"ከገበያ" አለ አዳሙ።

በነጋታው የዓለምወርቅ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ዘማች የጫነው ማኪና ላይ ስትወጣ፣ አዳሙ ከወላጆቹ ሁሉ የበለጠ የኮራ አባት ነበር። ዛሬ በጣም የሚያቃጥለው ያ ነው። ደስ ብሎት ነበር።

ሐምሌ ገብርኤል ደረሰ። እማሆይ በዓሉን ዳዊቴን ይዤ ካልዋልሁ አሉ፤ ማንበቡ ቢቀር ሲነበብ ላቅፈው አሉ። ትከሻቸው ስለማይችል መንበረ ማኅደሩን አነገተችላቸው። አዳሙ የዚያን ዕለት ተረኛ ሆኖ ሥራ ላይ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የደብሩ ደጅ የድንጋይ ደረጃ አንሸራታች ሆኗል። መንበረ የመጨረሻውን ደረጃ ስትወጣ ማንገቻው ከትከሻዋ ላይ ለቀቀ። ማኅደሩ ድንጋዩን መትቶ ተከፈተ፤ ዳዊቱ ተወርውሮ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። አንደኛው ገበታ ለሁለት ተሰነጠቀ። ስታነሣው ደግሞ ቀዩ ቀለም በብራናው ላይ ወረደ፤ ጥቁሩ ሲጸና ቀዩ ብቻ ወረደ፣ ጣቷን አቀለመው። መንበረ የተማረች ሴት ናት። ግን ልጇ ተኩስ አለበት በሚባል አገር ናት፣ ጣቷ ላይ ቀይ አየች፣ የታያትን ማንም ሊያስጥላት አልቻለም።

አባ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የነፍስ አባታቸው፣ መጽሐፍ ሲወድቅ አንሥቶ መሳም ነው፣ አይዞሽ ብለዋት ነበር። እምቢ ብላ ስታለቅስ፣ እስከ ፍልሰታ መፍቻ በየቀኑ ጥቂት ስገጂ አሏት። ጥቂቱን እሷ አበዛችው።

ያን ዕለት ማታ አዳሙ ማኅደሩን ተቀብሎ ሲያየው ነገሩ ወዲያው ገባው። ጠፍሩ አልተበጠሰም። ቋጠሮው ነው የተፈታው፣ የሱ ቋጠሮ። ነቅሎ ኪሱ ከተተውና በምትኩ ሲባጎ አሰረበት።

"ማንገቻው የት ገባ?" አሉ እማሆይ በጣታቸው ሲባጎውን እየፈተሹ።

"ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።"

"እኔ ስይዘው አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም።" መንበረ ሰምታቸው አንገቷን ደፋች። እማሆይ ክፋት አልነበራቸውም፤ ያዘኑትን ነው የተናገሩት። "ይሁን እንግዲህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል እንዲህ ነው። አዳሙ ያን ማታ ቢናገር ኖሮ አንድ ቁጣ፣ አንድ ለቅሶ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት ጊዜው ያ ነበር። ግን አሳዳጊውን ፈራ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገባ "እጅህ ዓለማዊ ሊሆን ነው" ያሉትን አልረሳም። በነጋታው መንበረ ስለ ልጇ መፍራቷን ሲሰማ ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኘ። ሌላው ጠፍር ልጅሽ ጋ ነው ብላት ትሞትብኛለች አለ በልቡ። ሰው ለራሱ የሚመቸውን ምክንያት የሌላውን ነፍስ የሚያድን አስመስሎ ማየት አያቅተውም። እሷ ትሰግዳለች፤ እሱ ማታ ማታ የተላጠ ጉልበቷን ቫዝሊን ይቀባላታል። ስትቀባ "ተባረክ" ትለዋለች። ያን ጊዜ ጠፍሩ ኪሱ ውስጥ ይከብደዋል።

ይኼን እያሰበ የሌላውን በሽተኛ ደም ሳይመረምር አረፈደ። ለምሳ መውጫ ሲቃረብ የላቦራቶሪው በር ተበረገደና የሻው ገባ። የሻው የክትባት ሠራተኛ ነው፣ የወገራ ሰው፤ ቦት ጫማው እስከ አንገቱ ጭቃ ለብሷል።

"አያ አዳሙ፣ የምሥራች ብል ምን ትሰጠኛለህ?"

አዳሙ ብድግ አለ። "ልጄን አየሃት?"

"አየኋት እንጂ። ከመካነ ብርሃን ነው የመጣሁ፤ እስከ ደባርቅ በበቅሎ፣ ከዚያ በማኪና። ጤናዋ ሸጋ ነው። ብርዱ ፊቷን ትንሽ አጥቁሮታል እንጂ ምንም አልሆነች። ሽማግሌዎቹን በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ደርድራ ሀ ሁ ስታስብል ብታያት! አንዱን ሰውዬ፣ ዛሬም ረሱት እንዴ አያ ብላ ስትቆጣው በሳቅ ሞትን።"

"ተኩስ አለ የሚባለውስ?"

"ወሬ ነው። እኔ ስሄድም ስመለስም አልሰማሁ።"

አዳሙ ወንበሩን ይዞ ቆመ። ሊጠይቅ ያላሰበውን ጠየቀ። "ደብተሯንስ አየህ? ማሰሪያ ያለው?"

"ያቺ በቆዳ የምትዘጋዋን? ደረቷ ላይ ሸጉጣት አይደል የምትዞር! አንድ የደብር አለቃ ቁልፏን አይተው ይኼ የማን እጅ ነው አሏት። 'የአባቴ' አለች። እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ እሷ እንዴት እንደ ኮራች! ምነው? የሆነ ነገር አለ?"

"የለም። የለም፣ ተባረክ የሻው።"

መንገዱን እንዴት እንደ ወረደው አያውቅም። ከሱቅ ተልባ ገዛ። ዝናቡ ጀምሮታል፣ እሱ ግን ጃንጥላውን ሥራ ቦታ ረስቶ እየሳቀ ነው የሚሄደው። ልጁ ደኅና ናት። እንግዲህ መንበረ የምትፈራው የለም፤ የማትፈራ ከሆነ ስግደቱ ይቀራል፤ ስግደቱ ከቀረ ምን መናገር ያስፈልጋል? ጠፍሩን አንድ ቀን ቀሃ ወንዝ ይጥለዋል። ለዳዊቱ ጥሩ ማንገቻ ያሠራለታል፤ ገበታውንም ያስጠግናል። እግዜር ራሱ አወጣኝ አለ።

መንበረ ሳሎኑ ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ያነጠፈችው አጎዛ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ወሬውን ሲነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደጋግማ አስነገረችው፤ ብርዱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ቁጣዋን። የደብተሩን ነገር አዳሙ ዘለለው። እማሆይም በበትራቸው እየተደገፉ ከክፍላቸው ብቅ ብለው ሰሙና አማተቡ። መንበረ አለቀሰች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰች። ከዚያ ተነሣች።

"የት ነው?" አለ አዳሙ።

"ደረሰልኝ" አለች። ፊቷ በርቶ ነበር፤ እንዲህ ካያት ወር ሆኖታል። "ስግደቴ ደረሰልኝ አዳሙ። ከተኩስም ከመንገድም የጠበቃት እሱ ነው።"

"እንግዲያው በቃሽ። ደኅና ናት አልሁሽ እኮ።"

"እንዴት ይበቃኛል? የሚጠብቃትን ላቋርጥ? ገና በመስከረም ነው የምትመለሰው። እስክትመለስ አላቋርጥም።"

"ጾሙ ሊፈታ ነው። አባ እስከ ፍልሰታ ነው ያሉሽ።"

"ለአባ አይደለም የምሰግደው፤ ለልጄ ነው። እንዲያውም እጨምራለሁ።"

አዳሙ ወደ እማሆይ ዞረ። "እርስዎ እንኳ ይንገሯት።"

"ምን ልበላት ልጄ? ሰው የተሰማለትን ጸሎት ተዪ ይባላል?" አሉና በራፋቸው ላይ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

አዳሙ ወጥ ቤት ገብቶ ተልባውን በጠበጠ። በጭልፋ እያማሰለ ከሳሎኑ የሚመጣውን ድምፅ ይሰማል። ጉልበቷ፣ እጇ፣ ግንባሯ፤ ከዚያ ስትነሣ የምታሰማው ትንሽ ትንፋሽ። የደሟን መልክ ዛሬ በገዛ ዓይኑ አይቷል። ከዚህ ወዲህ አላውቅም ማለት አይችልም። ኩባያውን ይዞ ወጥቶ ጥጉ ላይ ባለው ወንበር ተቀመጠ፤ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሰጣታለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው። ዘጠኝ ለመሆን ገና ብዙ ይቀራል።

ከስግደቱ አንዱ ላይ መንበረ ወረደችና አልተነሣችም።

አልወደቀችም፤ ግንባሯ አጎዛው ላይ እንደተደፋ፣ እጇን ለመነሣት ወለሉ ላይ ደግፋ፣ እንዲያው ቀረች። እማሆይ ዓይናቸው ስለማያይ "ጨረሽ ልጄ?" አሉ። መንበረ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር። ከዚያ በጉልበቷ ቀስ ብላ ቀና አለችና፣ ለሌላው ስግደት ነጠላዋን አስተካከለች።

አዳሙ ኩባያውን መሬት አስቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። በእርጥብ ካልሲው ሄዶ ከጎኗ ቆመ።

"መንበረ።"

"ተወኝ፣ ደኅና ነኝ። ትንሽ ዞረብኝ እንጂ።"

"አትነሺ። የቀረውን እኔ እሰግደዋለሁ።"

ቀና ብላ አየችው። ፈገግ ለማለት ቃጣት። "የሰው ንስሐ አይሰገድም፣ የመሪጌታ ልጅ ሆነህ ይኼን አታውቅም?"

"የሰው አይደለም፣ የኔ ነው። ያለፈውም የኔ ነበር።"

ጠፍሩን ከኪሱ አውጥቶ አጎዛው ላይ፣ ከፊቷ አስቀመጠው። መንበረ ለጊዜው አልነካችውም። ከዚያ አንሥታ በሁለት ጣቷ ዘረጋችው።

"ማንገቻው አይደለም ይኼ? ጭቃ ውስጥ ቀረ አላልህም?"

"ኪሴ ውስጥ ነበር። ድርብ ነበር መንበረ። አንዱን ለዓለምወርቅ ደብተር ቆርጬ ወሰድሁት። የቀረውን የቋጠርሁት እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ቋጠርሁት፣ ቋጠሮው ነው የለቀቀው። አንቺ አልጣልሽውም። ማንም ቢያነግተው ይወድቅ ነበር።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እማሆይ በትራቸውን ይዘው ሳይንቀሳቀሱ ያዳምጣሉ።

"ሌላው ጠፍር ልጄ ጋ ነው?" አለች መንበረ።

"ደብተሯ ላይ ነው።" ጩኸት ጠበቀ። ይኼን ነበር የፈራው። መንበረን ግን ከጠፍሩ ፍርሃት የባሰ ሌላ ነገር ይዟት ነበር፤ የምታየው ጥጉ ላይ ያለውን ወንበር ነው።

"እኔ ስሰግድ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ነበር" አለች።

"ነበርሁ።"

"ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ጉልበቴን ስትቀባልኝስ? ተባረክ ስልህ?"

"ያኔም አውቅ ነበር።"

እማሆይ ከበርጩማቸው ተነሡ። ሊቆጡ ነው ብሎ አዳሙ አንገቱን ደፋ። ልጅ ሳለ እጁን ሲይዙት እንደ ነበረው ያህል ቀርበው ቆሙ።

"ጠፍሩን ብትለምነኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር" አሉ። "ለልጃችን አይደለም? ራሴ አውርጄ በቢላ ቆርጬ እሰጥህ ነበር። አባትህም ቢኖር ይሰጥህ ነበር።" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት አዳሙ በወደደ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ክፍላቸው ተመለሱና መጋረጃውን ዘጉት።

አዳሙ መንበረን ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም። ጉልበቷን ተመርኩዛ በራሷ ተነሣች። ጥቂት ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አጎዛውን ከእግሩ ሥር ሳበችና ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ላይ አነጠፈችው፤ ላዩ ላይ ተቀመጠች። መሬት ያለውን ኩባያ አየችው። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። አነሣችውና አማተበች፣ ጠጣችም።

"ነገ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄደህ ትናገራለህ" አለች ከንፈሯን እየጠረገች።

"እሄዳለሁ።"

"ለልጅቷ ግን አንዲት ቃል እንዳትጽፍላት። ኮርታበታለች፣ ትኩራበት።" አዳሙ ስለ ደብሩ አለቃ አልነገራትም ነበር፤ ልጇን ስለምታውቅ ነው። ኩባያውን ጭኗ ላይ አሳርፋ ወለሉን በአገጯ አሳየችው። "ስገድ እንግዲህ።"

አዳሙ ፊቱን ወደ ሥዕሉ አዞረና ባዶው ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከ።